በሞረድ የተሠራ ብራቾ ውድድር ይግባ ወይስ አይግባ?

ክርክሩ የተነሳው ከአንዲት የደንብ ረቂቅ ነው። አሮጌ የሪሞት መኪኖችን እያደሱ የሚወዳደሩ ሰዎች ለመጪው የውድድር ዘመን ደንብ ሊያወጡ ተቀመጡ። ከ1990 በፊት የወጣ ሞዴል ብቻ ይግባ በሚለው ሁሉም ተስማማ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቀጥሎ ያለችው መስመር ግን ቤቱን ለሁለት ከፈለችው፦ «በቤት የተሠራ መለዋወጫ የገጠመ መኪና አይወዳደርም።»

ሁለት ሰዎች እንዲጽፉልን ጠየቅን። አንዱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ ሞርሳና ሞረድ ስለማይለያቸው ጓደኞቻቸው ጋሽ ሞርሳ ይሏቸዋል። ሌላዋ ወጣት ናት። የመኪኖቿን ካርቶን እንኳ ስለማትጥል ባለሳጥኗ ተብላለች። ስማችን ይቅር ስላሉ በዚሁ እንጥራቸው።

ጋሽ ሞርሳ፦ መስመሯ ትሰረዝ

መጀመሪያ የምንጨቃጨቅበትን ዕቃ እንወቀው። ብዙ ሰው የሪሞት መኪና ሲባል ለሕፃን ልደት ተገዝቶ በሳምንቱ የሚሞተው ይመስለዋል። የኛዎቹ ሌላ ናቸው። ተበታትነው በካርቶን ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ብሎን በብሎን የሚገጥማቸው። ዲፈረንሻል አላቸው፣ ካምቢዮ አላቸው፣ አሞርዛተር አላቸው። የጃፓኑ ታሚያ፣ ሺዙኦካ ከተማ ላይ በእንጨት ሥራ የጀመረው ድርጅት፣ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪናውን ፖርሸ 934ን በ1976 አወጣ። በ1979 ደግሞ ሳንድ ስኮርቸር መጣች። እሷ ቮልስ ናት። አዎ፣ ያቺው የአዲስ አበባዋ ቮልስ፣ የአሸዋ ጎማ አድርጋ። የፊት እግሮቿ አሠራር ሳይቀር የተቀዳው ከትልቋ ቮልስ ነው።

እስቲ ልጠይቅ። ትልቋ ቮልስ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን የሄደችው ከጀርመን በመጣ ዕቃ ብቻ ነው እንዴ? ግማሹ ቶርኖ ቤት ተቀርጾ የወጣ ነው፤ ግማሹ ምናለሽ ተራ ተፈልጎ የተገኘ ነው። «ይቺማ ቮልስ አይደለችም» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

የሪሞቷም ነገር እንደዚያው ነው። የ1985ቷን የታሚያ ሆትሾት ውሰዱ። አርባ ዓመት የቆየ ፕላስቲክ ይደርቃል። የፊት ብራቾዋ፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ አንድ ጠርዝ ሲነካ ቀጭ ይላል፤ አለቀ። አሁን ምርጫው ምንድን ነው? አንድም መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ማየት ነው፣ አንድም መሥራት።

እኔ እሠራለሁ። የተሰበሩትን ሁለት ቁራጮች አንድ ላይ አጣብቄ ወፍራም ወረቀት ላይ እስላቸዋለሁ። አሴታል የሚባል ጠጣር ፕላስቲክ አለ፤ ጥሩ ይሞረዳል፣ ብረት ሲሽከረከርበትም አይነክስም። በሰጌቶ ከመስመሩ ትንሽ ራቅ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ የቀረውን በሞረድ ነው የምጨርሰው። ትልቁ ሥራ ቀዳዳው ነው። የሚገባበት ዘንግ ሦስት ሚሊ ከሆነ በሦስት ሚሊ መብሻ አልጀምርም። አነስ ባለ ከፍቼ ቀስ እያልኩ አሰፋዋለሁ። በፀጉር ያህል ከሰፋ ጎማው ይወላውላል፤ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ የሰከረች ትመስላለች። ሁለት ሚሊ ዘንግ ሲያስፈልገኝ ደግሞ የብስክሌት ቸርኬ ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ እቆርጣለሁ። ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ዋጋውም ምንም አይደል።

ይህን የሠራ ሰው ነው አይወዳደርም የምትሉት? ደግሞስ ያኔ ሰው መኪናውን ከካርቶን እንዳወጣው ይዞ የሚቀርብ መስሏችኋል? በ1985 የመጀመሪያው የዓለም የጉርብጥብጥ መሬት ሪሞት መኪኖች ሻምፒዮና ካሊፎርኒያ፣ ዴል ማር ላይ ተደረገ። በሁለት ጎማ ተነጂው ምድብ ያሸነፈችው አርሲ10 ናት፤ ያቺ ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻንሲ ያላት፣ ዓመት ቀድማ የወጣችው። በዚያ ዘመን እንዲቀል ሻንሲውን የሚበሳ ነበር፤ ያልተመቸውን ክፍል አውጥቶ የራሱን የሚሠራ ነበር። የቤት ሥራን ከዚህ ስፖርት ካወጣችሁት የሚቀረው ግዢ ብቻ ነው።

ባለሳጥኗ፦ መስመሯ ትቆይ

ጋሼ፣ እጅዎን አደንቃለሁ። ጋራዥዎ ውስጥ የፈለጉትን ይሥሩ፤ በግቢዎ ይንዱት፤ እኔም መጥቼ አያለሁ። ጥያቄው ግን ስለ ጥገና አይደለም፣ ስለ ውድድር ነው።

እኔን ወደ አሮጌዎቹ መኪኖች የሳበኝ ድክመታቸው ነው። ሆትሾት ፊትም ኋላም አንድ አንድ አሞርዛተር ብቻ ነው ያላት። ግራው ጎማ ጉብታ ሲመታ ቀኙም ይሰማዋል። ሆርኔት የኋላ አክስሏ ድፍን ስለሆነ ጉርብጥብጥ መሬት ላይ እንደ ልቧ ትዘልላለች። ኦፕቲማ በሰንሰለት ነው የምትነዳው፤ ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማል። ጎበዝ ነጂ ማለት ይህን አውቆ ጉብታው ጋ ከመድረሱ በፊት ነዳጁን የሚለቅ ነው። (ነዳጅ ስል ያው ኤሌክትሪክ ነው፤ አፍ ስለለመደ ነው።) አሁን አንዱ መጥቶ ከካርቦን የተቆረጠ ብራቾ ይገጥምላታል። አሞርዛተሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ ሆትሾት አሸነፈች ይባላል። የቱ ጋ ነው ሆትሾትነቷ? ከላይ ያለው ቦዲ ብቻ ነው የቀረው።

ዕቃ የለም የሚለውንም አልቀበልም። ታሚያ ሆርኔትን በ2004 እንደገና አውጥቷል፤ ፍሮግን በ2005፣ ሆትሾትን በ2007፣ እርስዎ የሚወዷትን ቮልስ በ2010። አርሲ10 በ2013 ተመለሰች፤ የኪዮሾ ኦፕቲማ በ2016። ከነብራቾዋ፣ ከነጥርሷ፣ ከነብሎኗ።

ደግሞ ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ አይሞርድም። አብዛኛው ያለው ስሪዲ ፕሪንተር ነው። ፋይሉን ያወርዳል፣ ማታ አብርቶት ይተኛል፣ ጠዋት ብራቾ ይዞ ይመጣል። ፒኤልኤ የሚባለው የተለመደው ፕላስቲክ ስልሳ ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ዕቃ ጠምሞ ቢገኝ አይገርምም። ሌላም አለ። የታተመ ዕቃ በንብርብር ነው የሚሠራው፤ ኃይሉ ንብርብሩን ለመለያየት በሚጎትትበት በኩል ከመጣ እዚያው ጋ ይላቀቃል። ስባሪው ሜዳው ላይ ይቀራል፤ ከኋላ የሚመጣው ይጋጨዋል።

የመጨረሻ ነገር፣ እሱም ያናድደኛል። ዛሬ ለውድድር ተብሎ የተሠራው ቅጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ «የ1985 ኦሪጅናል» ተብሎ ይወጣል። ሠሪው አታላይ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛው ገዢ ግን ከየት ያውቃል?

ጋሽ ሞርሳ፦ ኦሪጅናሉ የት ነው?

ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሻል። ግን እንደገና የወጣውን ኦሪጅናል ነው ማለትሽ አልገባኝም። የ1983ቷ ፍሮግ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንጓ ጫፉ ባለ ስድስት ጎን ነበር። ይበላል፣ ይዞራል፣ መንገድ ላይ ያስቀርሻል። በ2005 እንደገና ስትወጣ ታሚያ ያን ዘንግ በሌላ ዓይነት ቀይሮታል። የድሮዎቹ ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ሰርቮ በሚባል ትንሽ ሞተር በሚገፋ ማብሪያና በሚግል ሬዚስተር ነበር፤ አሁን በኤሌክትሮኒክስ ተተክቷል። ፋብሪካው ሲያሻሽል ዳግም ልደት ይባላል፤ እኔ ሳሻሽል ማጭበርበር?

ሬዲዮውስ? ያኔ በ27 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ክሪስታል (ሞገዱን የሚወስነው ዕቃ) ከያዘ አንዱ የሌላውን መኪና ያሳብደዋል። ስለዚህ ማን በየትኛው ሞገድ እንደሚነዳ ሳይጣራ ሬዲዮ ማብራት ነውር ነበር። ዛሬ ሁላችንም 2.4 ጊጋኸርዝ ይዘን ነው የምንመጣው፣ አንቺም ጭምር። የድሮውን ኒካድ ባትሪ የአውሮፓ ኅብረት ከሞላ ጎደል ከገበያ አስወጥቶታል፤ ሊፖ ነው የምንጭነው። እንግዲህ ሬዲዮው አዲስ፣ ባትሪው አዲስ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው አዲስ፣ ጎማው አዲስ። ኦሪጅናልነት በእኔ አንዲት ብራቾ ላይ መጥታ ነው የምትቆመው?

ዋናውን ልበል። እውነተኛው የ1985 ብራቾ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ውስን ነው። አይጨምርም። አንቺ በየውድድሩ እሱን ገጥመሽ ስትገቢ፣ ሲሰበርም ሌላ ኦሪጅናል ስትገዢ፣ ማነው ዘሩን የሚያጠፋው? እኔ ኦሪጅናሉን ዘይት ቀብቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ሜዳ ላይ የሚመታው የእኔ ሥራ ነው።

ስለ ሕፃናቱም ላንሳ፤ ደንቡን ስታረቁ ያሰባችኋቸው አልመሰለኝም። አንድ ልጅ ከአጎቱ አሮጌ መኪና ይወርሳል። እንደገና ያልወጣ ሞዴል ነው፤ አንዲት ጥርስ ጎድሏታል። በካርቶን ታሽጎ የቆየ ኦሪጅናል ጥርስ ቢገኝ እንኳ ዋጋው አይቀመስም። ደንባችሁ ልጁን «ወይ ክፈል ወይ ተመልከት» ነው የሚለው። ሞረድና ካቻቢቴ ግን የማንም አቅም ይችለዋል።

ባለሳጥኗ፦ ጠንካራው ብራቾ የሚሰብረው ማንን ነው?

ኦሪጅናሉን እየጨረስሽ ነው ያሉኝ ነገር ልክ ነው፤ መልስ የለኝም። ስለዚህ እኔም በኦሪጅናሉ መወዳደር ይቁም እላለሁ፤ እንደገና በወጣው እንወዳደር። ስለ ሬዲዮና ባትሪ ግን ነገሩን አቀላቀሉት። ሬዲዮ ጥምዝ ላይ መኪናን አያሻሽላትም። ሊፖ ጉልበት አለው፣ እውነት ነው፤ ሞተሩ ግን ለሁላችንም ያው 540 የሚባለው ተራ ሞተር ነው።

እርስዎ ያልነኩት አንድ ነገር አለ። ብራቾ ሲሰበር የግጭቱ ኃይል እዚያ ያልቃል። ብራቾው አልሰበርም ካለ ኃይሉ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ደግሞ የካምቢዮው ቤት ነው። አንድ ሰው በቤቱ ፍሬዛ ከአሉሚኒየም የቀረጸውን ብራቾ ገጥሞ መጣ። ያምራል፣ ያብረቀርቃል። የሜዳውን ጠርዝ እንጨት ፊት ለፊት መታ። ብራቾው ጭረት እንኳ አልነካውም። ካምቢዮው ግን ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ጥርሶቹ ሣሩ ላይ ተበተኑ። እንዲህ ነው ጥገና? ብራቾ በየሱቁ አለ። የዚያች መኪና ካምቢዮ ግን እንደገና ወጥቶ አያውቅም።

እሺ፣ መስመሯን ላላላት። እንደገና ላልወጡ ሞዴሎች የቤት ሥራ ይፈቀድ። ግን ቅርጹ ያው ይሁን፣ ቀዳዳዎቹ ያው ቦታ ይሁኑ፣ ማቴሪያሉም ያው። ፕላስቲክ ለነበረ ፕላስቲክ፤ ካርቦንና አሉሚኒየም የለም። በውስጥ በኩል የተሠራበት ዓመት ይቀረጽበት፤ ነገ ማንም ኦሪጅናል ብሎ እንዳይሸጠው።

ጋሽ ሞርሳ

ዓመቱ ይቀረጽ፣ ስሜም ይቀረጽ፣ ደስ ይለኛል። የአሉሚኒየሙን ታሪክ እኔም አይቻለሁ፤ ሰውዬውን ሳይገጥመው በፊት ነግሬው ነበር። እኔ ብራቾን ሆን ብዬ ከካምቢዮው ደካማ አድርጌ ነው የምሠራው። ከናይለን ስሠራ ደግሞ ሙቅ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ደረቅ ናይለን ይሰነጠቃል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይተጣጠፋል፣ ግጭቱን ይችላል። ይህን ማንም ፋብሪካ አላስተማረኝም።

ማቴሪያሉ ያው ይሁን የምትይው ላይ ግን አልፈርምም። የዛሬ አርባ ዓመት ፋብሪካው ፕላስቲኩን በምን እንደቀመመው አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። ውድድሩ ጠዋት ላይ መርማሪው እንዴት ሊያውቅ ነው? በጥርሱ ነክሶ?

ባለሳጥኗ

በሚዛን ነዋ ጋሼ። የእርስዎ ብራቾ ከኦሪጅናሉ በጣም ከቀለለ ወይም በጣም ከከበደ ይታወቃል። የተሰበረውን ኦሪጅናል ይዘው ይምጡና ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ቀዳዳ ከቀዳዳ ይለካ፤ ሁለቱም ይመዘኑ።

ጋሽ ሞርሳ

መኪናዋን ያለ ብራቾ የገዛ ሰውስ ምን ሊያስመዝን ነው?

ባለሳጥኗ

ከእርስዎ ይዋሳል። በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ አላሉም?