ጣቴን ላሠለጥን ገብቼ ቡክማርኬን አጣሁ

እስቲ ልተንፍሰው። ካልተነፈስኩ ኪቦርዱን ወርውሬ እሰብረዋለሁ።

የምጽፈው በሁለት ጣት ነው። ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅመው አንድ በአንድ። በዚያ ላይ ብሮውዘሬ ውስጥ የታጨቀው ቡክማርክ፣ ማለትም በኋላ ልመለስበት ብዬ ያስቀመጥኩት የድረ ገጽ አድራሻ፣ ስሙ ብቻ ስለሚታይ የቱ ምን እንደሆነ ይጠፋብኛል። ታዲያ አንድ ድረ ገጽ አገኘሁ። ቡክማርክን በሥዕል ደርድሮ ያሳያል፣ ከሥሩ ደግሞ ለጀማሪ የታይፕ ልምምድ አለው። እሰይ፣ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው አልኩ። ሞኝ!

ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ ከስልሳ በላይ ሊንክ አስገባሁ። ሥዕሎቹ ሲመጡ ግማሾቹ ባዶ ግራጫ ሳጥን ናቸው። የቀሩት ደግሞ የገጹን ይዘት ሳይሆን «ኩኪዎችን ይቀበላሉ?» የሚለውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስተው ነው የመጡት። አሥር ገጽ፣ አሥር ተመሳሳይ ሥዕል። ይሄ በሥዕል መለየት ነው?

ይሁን ብዬ ወደ ልምምዱ ገባሁ። ኤፍ እና ጄ ላይ ያለችው ጉብታ ሌባ ጣቶች ሳያዩ ቦታቸውን እንዲያገኙ የተሠራች መሆኗን ያወቅኩት እዚህ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቆሻሻ መስላኝ በጥፍሬ ስፍቃት ነው የኖርኩት። ለዚህች አመሰግናለሁ። የኪቦርዱ መካከለኛ የፊደል ረድፍ ግን ገደለኝ። ከእንግሊዝኛ አናባቢ ያለው ኤ (A) ብቻ ስለሆነ «ሳድ»፣ «ዳድ»፣ «ሳላድ» ስጽፍ እውላለሁ። የዛሬውን የሚመስለውን የፊደላት አሰላለፍ ሾልስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1878 ለታይፕራይተር አስመዘገበው፣ እኛም ተሸክመነው ቀረን። በ1936 ድቮራክ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ አምስቱንም አናባቢ መካከለኛው ረድፍ ላይ አድርጎ ሌላ አስመዝግቦ ነበር። ማን ሰማው!

ዋናው ንዴቴ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቡክማርክ የራሱ አቋራጭ ፊደል አለው። የመጻፊያውን ሳጥን በስህተት ከለቀቅኩ ልምምዴ ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል። ጄ ጄ ጄ ስል ሦስት ታብ ተከፈተ! ታቡን ዘግቼ ስመለስ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። አምስት ቁልፍ መንካት እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል፣ ስለዚህ በደቂቃ መቶ ቁልፍ የነካ ሃያ ቃል ጻፈ ይባላል። እኔ ታብ ስዘጋ ቆይቼ አራት! ፍጥነቱን በትልቅ ቀይ ቁጥር ይለጥፍብኛል፣ ሳልሳሳት መጻፌን ግን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል። ለጀማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አለመሳሳት አልነበር እንዴ? ፍጥነትማ ጣት ቦታውን ሲለምድ ይመጣል።

ይህንንም ቻልኩት። ባለፈው ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ የብሮውዘሩን ዳታ አጸዳሁ። ተመልሼ ስገባ ነጭ ገጽ! ስልሳውም የለም። ለካ አካውንት የማይጠይቀኝ ቸር ስለሆነ አልነበረም፣ ሁሉን ነገር እዚያው ብሮውዘሬ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ብጽፍላቸው «መረጃዎ የሚቀመጠው በእርስዎ መሣሪያ ላይ ነው» አሉኝ። ይህቺን አንዲት መስመር መጀመሪያ ገጹ ላይ ብትጽፏት ምን ነበረበት? በፋይል አውርጄ የማስቀምጥበት ቁልፍስ?

አሁን የማስታውሳቸውን አድራሻዎች እንደገና እየጻፍኩ ነው። በሁለት ጣት። በደቂቃ ስንት ቃል እንደሆነ አትጠይቁኝ።