መብቱ የልጃችሁ ነው፣ በይሉኝታ አትልቀቁት

በአሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ዛሬ ወቀሳዬ በእናንተ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም መንግሥቱም የሚወቀሱበት ብዙ ነገር አላቸው፤ እሱንም አልተውም። ነገር ግን የአገሩ ሕግ ለልጆቻችሁ የሰጠውን መብት ማንም ሳይነጥቃቸው እናንተው በገዛ እጃችሁ እየለቀቃችሁት ስለሆነ ከእናንተ እጀምራለሁ። ሌሊት ኡበር ትነዳላችሁ፤ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራላችሁ። «ለልጆቼ ስል ነው» ትላላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ታዲያ ለልጆቻችሁ ስትሉ እንዲህ ከደከማችሁ፣ ትምህርት ቤቱ የላከው ፖስታ ሳይከፈት ወር የሚከርመው ስለ ምንድን ነው? የወላጅ ስብሰባ ሲጠራስ ወንበራችሁ ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው?

«ጊዜ የለኝም» የሚለውን መልስ በግማሽ እቀበላለሁ። የቀረው ግማሽ ይሉኝታ ነው። «አስቸገረ እንዳልባል»፣ «እንግሊዝኛዬን ይታዘቡኛል»፣ «ሰው ምን ይለኛል»። ልጁን ለየኔታ አስረክቦ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ብሎ የሚመለስ ወላጅ ያሳደገን ሰዎች ነንና መምህርን መጠየቅ ነውር ይመስለናል። እዚህ አገር ግን የማይጠይቅ ወላጅ ጨዋ አይባልም፤ የልጁ ነገር አላሳሰበውም ተብሎ ይታለፋል። አባቶቻችንስ ራሳቸው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለው የለም?

በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተራዬን እየጠበቅሁ ያየሁት ዛሬም ያንገበግበኛል። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ በእናቷና በመምህሯ መካከል ተቀምጣለች። መምህሯ የንባብ ውጤቱን በእስክሪብቶ እየጠቆመች ልጅቷ ከክፍል ደረጃዋ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንደቀረች፣ ተጨማሪ እገዛ ሊሰጣት እንደሚችልና ለዚያም የወላጅ ፊርማ እንደሚያስፈልግ አስረዳች። ልጅቷ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ «ጎበዝ ናት፣ ማንበብ ብቻ ትንሽ ትጨምር አለች» ብላ ተረጎመች። የእናትየው ፊት በራ። የመምህሯን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነቻትና ተነሳች። ወረቀቱ ሳይፈረም እዚያው ቀረ።

ልጅቷን ውሸታም አልላትም። በራሷ ላይ የተነገረውን ለእናቷ እንድታቀርብ ከመሃል ማስቀመጥ ራሱ ግፍ ነው። ትምህርት ቤቱ አጥፍቷል፤ ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር፣ ብቁ አስተርጓሚም በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበትና። እናትየውም ግን «አስተርጓሚ ይምጣልኝ» አላለችም። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሜሪላንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ፣ በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። ከእናንተ የሚጠበቀው ከስብሰባው ቀደም ብሎ መደወል ወይም ኢሜይል መላክ ብቻ ነው። «እንግሊዝኛማ እችላለሁ» የምትሉም፣ ገበያ የሚያስገዛ እንግሊዝኛና የልጅን የምዘና ውጤት የሚያስረዳ እንግሊዝኛ አንድ አይደለም። አስተርጓሚ የጠየቀ ሰው አላዋቂ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ይህን መብት ያመጡት እንደ እኛው ወላጆች ናቸው። ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ቆመው ነው፣ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በቆዳ ቀለም መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ያለው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር እንዳያዳላ ከለከለ። ከዚያ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተነሱ። ወደ 1,800 የሚሆኑ ልጆቻቸው ምንም እገዛ ሳይሰጣቸው በማይገባቸው እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር፤ ከተማው «ለሁሉም የምንሰጠው ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር ነው» ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በሙሉ ድምፅ፣ ቋንቋው ላልገባው ልጅ ያንኑ መጽሐፍ መስጠት እኩልነት አይደለም ብሎ ፈረደ። እኛ ያልተሟገትንበትን መብት ነው የተቀበልነው። ቢያንስ እንጠቀምበት።

እኛ ግን ገና በምዝገባው ቀን እንጥለዋለን። ቅጹ «በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» ይላል። በቤታችሁ ከአማርኛ ሌላ ሳይነገር «እንግሊዝኛ» ብላችሁ ትሞላላችሁ፤ ልጄን ኢ ኤስ ኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ተጨማሪ ትምህርት) ያስገቡብኛል ብላችሁ ነው። እንደዚያ ስትሞሉ ልጁ አይፈተንም፤ ካልተፈተነ የሚገባውን እገዛ አያገኝም፤ ወደ ኋላ ሲቀር ደግሞ «ሰነፍ ነው» ይባላል። መዋሸት አያስፈልግም ነበር። ልጁ ኢ ኤስ ኤል ከገባ ትምህርት ቤቱ የትምህርት ዓመቱ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ምክንያቱንና የልጁን ደረጃ ጽፎ ሊያሳውቃችሁ ይገባል፤ እናንተም አልፈልግም የማለት መብት አላችሁ። ዓመታዊውን የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ አይቀርለትም። በተቃራኒው እዚሁ ተወልዶ ስድስተኛ ክፍል እስኪደርስ ከኢ ኤስ ኤል ያልወጣ ልጅ ያላችሁ፣ «እንዳይወጣ የያዘው የትኛው ችሎታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ የሚሰጠው፣ ዊዳ የሚባለው ዓመታዊ የእንግሊዝኛ ፈተና ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ከ1 እስከ 6 ይለካል። አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ልጁ እንደ ውሃ ሲናገር ነውና ጽሑፉ እንደቀረ አይታየንም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 የፈረሙት፣ በ2015 በፕሬዚዳንት ኦባማ ፊርማ የታደሰው ትልቁ የትምህርት ሕግ የትምህርት ቤቶች ውጤት በዘር፣ በገቢ፣ በአካል ጉዳትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ተለይቶ ለሕዝብ እንዲወጣ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ በአማካይ ውስጥ እንዳይደበቅ ይረዳል። የእኛ ልጆች ግን በዚያ ሰነድ ላይ «ጥቁር» በሚለው ረድፍ ገብተው ይቆጠራሉ፤ ኢትዮጵያዊ የሚል ረድፍ የለም። ስለዚህ የእኛ ልጆች እንዴት እንደሆኑ ከዚያ ወረቀት አንብቦ የሚደነግጥ ባለሥልጣን አይኖርም። ሄዶ መናገር የእናንተ ፋንታ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያመኝ ልምጣ። ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ በስንታችን ቤት አለ? አያት «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። አባት «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው» ይላል። እናት በልቧ ታውቃለች፤ ግን ዓመት በዓል ሲመጣ ልጇን ይዛ ሰው ቤት መሄድ ታቆማለች፤ ቤተ ክርስቲያን ከበሩ አጠገብ ቆማ ቅዳሴው ሳያልቅ ትወጣለች። እናንተ ከፊት የቆማችሁት፣ ልጁ ሲጮህ ዘወር ብላችሁ እንዴት አያችኋት? «ከእሱ ጋር አትጫወት» ብላችሁ ለልጆቻችሁ ያንሾካሾካችሁ፣ ለልደት ሁሉንም ጠርታችሁ እሱን የተዋችሁ፣ የዚያ ልጅ ዓመታት እንዲባክኑ እጃችሁ አለበት። ያችን እናት ቤቷ ያስቀራት የእናንተ ዓይን ነው።

ጠበሉን አልከለክልም፤ ጸሎቱንም ዱዓውንም እንዲሁ። ጠበልና የንግግር ባለሙያ ተጣልተው አያውቁም። ኦቲዝም የእናት ጥፋት አይደለም፤ በቤት ሁለት ቋንቋ መነገሩም አያመጣውም። ስለዚህ በፍርሃት አማርኛውን ከልጁ አትንጠቁት። አያቱን በምን ሊያነጋግር ነው?

ታሪኩ ደግሞ ከደጃችን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካል ጉዳተኛ ልጆችን «አንቀበልም» ብሎ መመለስ በመላ አገሪቱ የተለመደ ነበር። እኛ በብዛት በምንኖርባት በዋሽንግተን፣ ልጆቻቸው ከትምህርት የተባረሩባቸው ወላጆች ከተማውን ከሰሱ። ከተማው ገንዘብ የለኝም አለ። ፍርድ ቤቱ በ1972 የገንዘብ እጥረት ካለ ሸክሙ በእነዚህ ልጆች ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም ብሎ ፈረደ። በ1975 ኮንግረሱ ያወጣው፣ ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የቅድመ ልጅነት አገልግሎት አለ፤ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኃላፊነቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ልጁ ገና ትምህርት ባይጀምርም። ምርመራው በነፃ ነው። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ወላጅ ራሱ መጠየቅ ይችላል።

ስትጠይቁ በጽሑፍ ይሁን። «ልጄ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ብቁ መሆኑ እንዲመረመርልኝ እጠይቃለሁ» ብላችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ ስጡ፤ ቅጂውን አስቀሩ። ኮሪደር ላይ በቃል የተባለ ነገር ነገ «አልሰማንም» ይባላል። ትምህርት ቤቱ አልመረምርም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ከተስማማ፣ እናንተ ፈቃዳችሁን ከፈረማችሁ በኋላ የፌዴራሉ ሕግ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ስቴቱ የራሱ ቀነ ገደብ ካለው ያ ይሠራል። አይ ኢ ፒ የሚባለው፣ ለልጁ ለብቻው የሚወጣው የትምህርት ዕቅድ ሲዘጋጅ እናንተ እንግዳ አይደላችሁም፤ በሕግ የቡድኑ አባል ናችሁ። ያልገባችሁን ወረቀት እዚያው አትፈርሙ፤ ወደ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። «ትንሽ ተሻሽሏል፣ ይበቃዋል» ቢሏችሁም ዝም አትበሉ፤ በኮሎራዶ የኦቲዝም ልጅ ያላቸው ወላጆች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግተው፣ ዕቅዱ ከልጁ ሁኔታ ጋር የሚመጥን እድገት እንዲያመጣ ሆኖ መዘጋጀት እንዳለበት በ2017 አስወስነዋል። በሌላ በኩል ልጃችሁ የጎደለው እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ ሳለ ልዩ ትምህርት እንዳያስገቡባችሁ ተጠንቀቁ፤ ሕጉ ይህንንም ይከለክላል፤ በሚችለው ቋንቋ እንዲመረመር ጠይቁ።

ወረቀት የሌላችሁ ወገኖቼ፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ግን ልጁን ቤት አታስቀምጡት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በቴክሳስ ጉዳይ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለከልም ብሏል፤ ያ ፍርድ ዛሬም ጸንቶ አለ። የቤት ኪራይ አቅቷችሁ ዘመድ ቤት ተዳብላችሁ የምትኖሩም፣ «በስሜ የኪራይ ውል የለኝም» ብላችሁ አትቅሩ። መጠለያ ላጡ ልጆች የወጣው የፌዴራል ሕግ እናንተንም ሊያካትት ይችላል፤ ልጁ ሰነዱ ባይሟላም ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ያዛል።

«አሁንማ የትምህርት ሚኒስቴሩ ራሱ እየተዘጋ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ መሥሪያ ቤቱ እንዲዘጋ የሚያዝ ትእዛዝ ፈርመዋል፤ ግማሽ የሚጠጋው ሠራተኛ እንዲቀነስ ተደርጓል፤ የመድልዎ አቤቱታ ከሚመረምሩት 12 የክልል ቢሮዎች ሰባቱ ተዘግተዋል። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች በ2015 ወጥቶ የነበረው መመሪያም ተሽሯል። ይህን ያደረጉትን እወቅሳለሁ፤ የደካማውን ልጅ ጠባቂ ነው ያሰናበቱት። ሆኖም ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሽረውም። የቀነሰው የሚቆጣጠረው ሰው ነው። ስለዚህ ትናንት መንግሥት ይጠይቅልኛል ብላችሁ የተዋችሁትን ዛሬ እናንተው መጠየቅ አለባችሁ።

ገንዘቡም ቢሆን ከፌዴራሉ የሚመጣው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። የቀረውን የሚሸፍኑት ስቴቱና ከቤታችሁ ግብር የሚሰበስበው ካውንቲ ወይም ከተማ ናቸው። በሞንጎመሪ፣ በፌርፋክስና በአሌክሳንድሪያ የትምህርት ቦርዱን ሕዝብ ይመርጠዋል። ስንት የኢ ኤስ ኤል መምህር ይቀጠር፣ ለአስተርጓሚ ስንት ይመደብ የሚለውን በጀት የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። ዜግነት ስትቀበሉ እጃችሁን አንስታችሁ ምላችኋል፤ በየአራት ዓመቱም ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ትሰለፋላችሁ። በሞንጎመሪ ከዚያው ወረቀት ታች የትምህርት ቦርድ እጩዎች ስም አለ፤ እሱን ባዶ ትታችሁ ትወጣላችሁ። በፌርፋክስ ደግሞ የቦርዱ ምርጫ በሌላ ዓመት ነው። በአካባቢያችሁ እነማን እንደሚወዳደሩ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ልዩ ትምህርት ምን እንዳሉ ሳታውቁ ቀጣዩ ምርጫ እንዳይደርስባችሁ። ቦርዱ በጀት ሲያወጣ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን አለው፤ ቀኑን ጠይቁና ተመዝግባችሁ ግቡ፤ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁም አስቀድማችሁ አሳውቁ።