ጠዋት የሚሞት፣ ጠጋኝ ፊት የሚነሳ ኮምፒውተር

ባህር ዳር ይበርዳል። በታኅሣሥና በጥር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በደንብ አድርጎ ይበርዳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጠዋት በብርድ አልነሳም ስለሚለው ኮምፒውተሬ ባወራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚስቅብኝ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። "ባህር ዳር ደግሞ ምን ብርድ አለ? ብርድማ ደብረ ማርቆስ!" ይሉኛል። ስቀው ሲጨርሱ ደግሞ "ፎርማት ይደረግ" ይላሉ፤ ያለው ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለታቸው ነው።

ፎርማት! ፓወሩን ስጫነው ፋኑ ንቅንቅ ብሎ ለሚቆም ሲፒዩ ፎርማት ምን ይፈይድለታል? ዊንዶውስ እኮ ገና ተራው አልደረሰም። ቤቱ አልተከፈተም፣ እነሱ ወንበር ይቀየር ይላሉ።

ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። የኔ ደንበኛ ተማሪ ነው። ተማሪ ደግሞ አሳይመንቱን የሚያሳትመው ክፍል ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ እንዲህ ዓይነት ልማድ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፍላሹን ዘርግቶ "እትዬ፣ ቶሎ ይበሉልኝ፣ መምህሩ አይምርም" ይለኛል። እኔ ፓወሩን እጫናለሁ። ፋኑ ዞር ይልና ይቆማል። እንደገና እጫናለሁ። አሁን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ልጁ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ኮፒ ቤት ይሮጣል። እሱን ተከትሎ ጓደኛው። የጠዋቱ ገበያ ሄደ ማለት ነው።

ፀሐይ ቆርቆሮውን መምታት ስትጀምር ያ ሲፒዩ በአንድ ጭነት ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ቀትር ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንኳ ወዲያው ይነሳል። እንደ ሽማግሌ ፀሐይ ካልሞቀ ከደጅ አልንቀሳቀስም ያለ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ጠጋኞቹ እንሂድ። የጠጋኝ ሱቅ የሚከፈተው 3 ሰዓት ላይ ነው። ሲፒዩውን አቅፌ፣ ባጃጅ ይዤ፣ መሀል ከተማ እስክደርስ በመንገድ ላይ ሞቋል። ጠጋኙ ይሰካዋል፣ ይጫነዋል፣ ጨዋ ልጅ ሆኖ ይነሳል። "ይሄው እህቴ፣ ምንም የለበትም እኮ!" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ግን በሽታውን የሚደብቀው ሲፒዩው ነው፣ ብሩን የምትከፍለው እኔ ነኝ።

ምክንያቱም ምንም የለበትም ካለ በኋላ ዝም ብሎ አይሰድህም። አንዱ ራሙን አውጥቶ በላጲስ ፈገፈገው። ሌላው የኮምፒውተሩን የሰዓት ባትሪ ቀየረ። ያቺ ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ብትደክም ኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ይጠፋበት ይሆናል እንጂ ፋን አታስቆምም። ሦስተኛው ያው ፎርማት አለ። አንዱን ለምኜ "እባክህ እዚህ ይደር፣ ጠዋት በብርዱ ሞክረው" አልኩት። እሽ አለ። በማግስቱ ደወልኩ።

"ሞክሬዋለሁ፣ በደንብ ይሠራል።"

"ስንት ሰዓት ላይ ሞከርከው?"

"አራት ሰዓት አካባቢ።"

አራት ሰዓት! በአራት ሰዓትማ እኔም እሠራለሁ።

በመጨረሻ የሰማኝ ኮምፒውተር ጠጋኝ አይደለም። የድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ሲፒዩውን እንኳ አላዩትም። "ጠዋት እምቢ ይላል፣ ሲሞቅ ይነሳል" ስላቸው ሻያቸውን ፉት እያሉ "ኮንደንሰሩ ደርቋል" አሉኝ። በቃ። ይህ ሁሉ ወጣት ዩቲዩብ እያየ ያላገኘውን!

ያስረዱኝን ልንገራችሁ። መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካፓሲተሮች አሉ፤ እሳቸው ኮንደንሰር የሚሏቸው። የብዙዎቹ ውስጥ በፈሳሽ የራሰ ነው። ሥራቸው ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ማስተካከል ነው። ሲያረጁ ፈሳሹ እየደረቀ ይሄዳል፤ የመያዝ አቅማቸው ይወርዳል፣ ኤሌክትሪክን የሚያግደው የውስጥ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል። ብርድ ደግሞ ሁለቱንም ያብሳል። አዲስ ካፓሲተር ትርፍ አቅም ስላለው የኛ ከተማ የጠዋት ብርድ፣ ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም፣ ምንም አይለውም። ጠርዝ ላይ የቆመው አሮጌ ግን በዚያች ብርድ ይወድቃል። ከዚያ 12ቱም፣ 5ቱም፣ 3.3ቱም ቮልት አይረጋም። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ቮልቱ ካልረጋ "ዝግጁ ነኝ" የሚለውን ምልክት ለማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ ለሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ አይልክም። ያ ምልክት ካልመጣ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው።

እና ካፓሲተሩን የሚያደርቀው ምን መሰላችሁ? ሙቀት! ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮዋ ግለትና በአቧራና በትንኝ የታፈነው ፋን ይፈጁታል፣ ጠዋት ብርዱ ያጋልጠዋል። ሙቀቱ በላ፣ ብርዱ ተከሰሰ።

"ማዘርቦርዱ ላይስ ካፓሲተር የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አለ። የተሰነጠቀ ብየዳም ብርድ ሲያገኘው እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ መለየት ነበረብኝ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ስቃይ አለ። ይህን ዓይነት ብልሽት በቀን አንዴ ብቻ ነው መሞከር የምትችለው። አንዴ ከሞቀ ማስረጃው ጠፋ፣ እስከ ነገ ጠዋት ጠብቅ። ከጎን ካለችው ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተዋስኩ። አንድ ጠዋት በጀርባ በኩል ፓወር ሰፕላዩ ላይ ብቻ ሞቅ ያለ አየር ነፋሁበት። በአንድ ጭነት ተነሳ! በሌላ ጠዋት ጎኑን ከፍቼ ማዘርቦርዱ ላይ ብቻ ነፋሁ። ወይ ፍንክች። ከዚያ የዚሁ ዓይነት ሲፒዩ ያላት ጓደኛዬ ፓወር ሰፕላይዋን አዋሰችኝ፤ በብርዱ፣ ሳይሞቅ፣ ወዲያው ተነሳ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ፀጉር ቤት ያለችው ልጅ ግን "ለኮምፒውተር ፀጉር ትሠሪያለሽ እንዴ" እያለች እስካሁን ታሾፍብኛለች።

"ሌሊት ሳትነቅዪው እደሪ" የሚል ምክርም መጥቶልኛል። እውነት አለው። እንደተሰካ ካደረ ውስጡ ያለችው ትንሿ ባለ 5 ቮልት ክፍል ስለምትሠራ ለብ ይልና ጠዋት ይነሳል። ግን ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዴት ተወርውሮ እንደሚመጣ የባህር ዳር ሰው ያውቃል። ስታቢላይዘሩ ራሱ ይጮሃል። ብነቅለው ብርዱ፣ ብተወው መብራቱ። አንዳንዴ እንደተሰካ አሳድሬው ሌሊት መብራት ሳይኖር ያድራል፤ ያኔ ደግሞ ሁለቱንም አጣሁ ማለት ነው።

"አዲስ ፓወር ሰፕላይ ግዢና ተገላገይው" ትሉኛላችሁ። ዞሬያለሁ። የኔ ሲፒዩ ቀጭኑ ዓይነት ነው። ለትልቁ ሲፒዩ የሚሸጠው ፓወር አይገባበትም፣ ገመዱም አይገጥምም። ካርቶኑ ላይ 500 ዋት የተጻፈበት፣ ሲያነሱት ግን ባዶ የሚመስል ፓወር ያሳየኝ ነጋዴ ነበር። "ኦርጅናል ነው?" ስለው "ኦርጅናል ኮፒ ነው" አለኝ። ኦርጅናል ኮፒ! ሌላኛው ደግሞ "የድሮውን ከፍቼ እዚሁ ልቀይርልሽ" ብሎ ገና ከሶኬት እንደነቀለው ዊንጩን ይዞ መጣ። ጮህኩበት። የኛ 220 ቮልት እዚያ ውስጥ ሲገባ ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ከነቀልከውም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ይቆያል። እኔ ኮምፒውተሬ እንዲነሳ እንጂ ሰው እንዲወድቅ አልፈለግሁም።

ጋሼ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ በወጉ እንዲወጣ አድርገው ከፈቱት። ከካፓሲተሮቹ አንዷ ጭንቅላቷ ያበጠ፣ ሌላዋ ደህና የምትመስል ግን ስትለካ ባዶ። ሁለቱም የመያዝ አቅማቸው 1000 ማይክሮፋራድ፣ 10 ቮልት። "ልጄ፣ ይህን ካመጣሽልኝ የሰዓት ሥራ ናት" አሉኝ። እዚህ ያገኘሁት ግን እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት የሚችለውን ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ለፓወር ውስጥ 85ቱ አይበረክትም፣ 105 ዲግሪ የሚለው ይሁን ብለዋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ባህር ዳር የሚመጣ ደግ ሰው ካለ፣ መርካቶ ጎራ ብሎ ሁለት ካፓሲተር ይያዝልኝ። 1000 ማይክሮፋራድ፣ 105 ዲግሪ፣ ቮልቱ 10 ወይም 16 ቢሆን ችግር የለውም፣ ከ10 አይነስ እንጂ። ውፍረቱ ግን ከ10 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ ቦታው ጠባብ ነው። ብሩን ከነሻዩ እከፍላለሁ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ኮሜንት ላይ "ፎርማት አድርጊው" የሚል ሰው ግን ቀጥታ ብሎክ ነው።