ማስተካከያ፦ የታርዛን ኮሚክ ቁጥር 207

ስለ ድሮ የጫካ ጀብዱ ኮሚኮች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የአሜሪካው ኮሚክ አሳታሚ ዲሲ ታርዛንን እ.ኤ.አ. በ1972 ከቁጥር 1 እንደጀመረ ገልጸን ነበር። ስህተት ነው። ዲሲ የጀመረው ከ207 ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሳታሚው ሲቀየር ቁጥሩ ከነበረበት ቀጠለ። የመጀመሪያው አሳታሚ ዴል በ1947 ሁለት የሙከራ እትሞችን በሌላ ተከታታይ ውስጥ፣ በቁጥር 134 እና 161፣ ካወጣ በኋላ በ1948 መጀመሪያ ላይ የታርዛንን ቁጥር 1 አሳተመ። ከ132 ጀምሮ በ1962 ጎልድ ኪ ተረከበ፤ 206ን አውጥቶ ለዲሲ ለቀቀ። ከ1 የጀመረው በ1977 የተረከበው ማርቭል ነው። ስለዚህ «የዲሲ ታርዛን ቁጥር 1» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ፤ 207ን የያዘም 206 እትም ጎደለኝ ብሎ አይጨነቅ።

የያዛችሁት እትም ሽፋኑ ከወደቀና ቁጥሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያዎቹ የውስጥ ገጾች ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ የአሳታሚው ስም፣ ቁጥሩና ወሩ እዚያ አሉ። ወሩን ግን እንደ መሸጫ ቀን አትውሰዱት፤ መጽሔቱ ሱቅ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ ነው።

ገጽ መቁጠርም አይረሳ። ከሽፋኑ ሌላ 32 ገጽ ያለው እትም 8 የታጠፉ ወረቀቶች አሉት። የስፌት ሽቦው ሲዝግ መጀመሪያ የሚላቀቀው የመሃሉ ወረቀት ነው፤ እሱ ሲወድቅ 4 ገጽ ይዞ ይሄዳል፣ ታሪኩም ከመሃሉ ይዘላል።