«ተወያይተን ተግባብተናል» ማለት ይበቃል?

ክርክሩ፦ የሠራተኛ አቤቱታ ሲሰማ የተባለው ይጻፍ ወይስ ውሳኔው ብቻ?

የቀድሞ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ፣ ቡሬ፦

ጥፋቱ የኔ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ አንድ የማሽን ሠራተኛ የሌሊት ትርፍ ሰዓቱን ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ «ልክ ነህ፣ ይከፈልሃል» አለው። እኔ የጻፍኩት ግን «በሰፊው ተወያይተን ተግባብተናል» የሚል ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ቸኮልኩ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ጥያቄው ግን በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ቢያምን ይርጋው ተቋርጦ ጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠር ነበር። ልጁ «ቆይ» እየተባለ 7 ወር አለፈው። ሥራ አስኪያጁም ተቀየረ። አዲሱ «እኔ አላልኩም» አለ። እውነቱን ነው፣ እሱ አላለም።

የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦

ወንድሜ፣ የጎደለው እኮ ውሳኔው ነው። «ይህን ያህል ብር፣ እስከዚህ ቀን» ብለው ቢጽፉ ያበቃ ነበር። የስብሰባውን ወሬ ሁሉ ምን ያደርጋል? አንዲት ልጅ አለቃዋን ልትከስ መጥታ እስክሪብቶ ሳነሳ ጭጭ አለች። ደብተሬን ዘግቼ ቡና ሲቀርብ ነው አፏ የተፈታው።

ደግሞ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። አንድ የጥበቃ አባት «አለቃችንማ ደግ ናቸው፤ ቤታችን ሄደን እንዳንቸገር እዚሁ ያሳድሩናል» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህ እንዴት ይጻፍ? «አለቃቸውን አመስግነዋል» ተብሎ?

ጸሐፊው፦

እንዳለ ይጻፋ! ወርቁን የሚያወጣ ዳኛ አይጠፋም። በልጅቷ ግን ረትተውኛል፤ ምስጢር በደብተር አይያዝም። እኔ የምለው፣ ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ምን መለሰ፣ ይጻፍ። ሳንበታተን ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ «እንዲህ አላልኩም» የሚል እዚያው ያርም። ከዚያ ይፈረም፣ ቅጂው ለሠራተኛው ይሰጥ።

ባለሙያዋ፦

ንባቡን ወደድኩት። ፊርማው ነው የማይጥመኝ። ተገኝቻለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ተስማምቷል ሲባል አይቻለሁ። ከፊርማው ጎን «አልተስማማሁም» የሚልበት ቦታ ይተውለት።

ጸሐፊው፦

ይተውለት። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ እናንተ ጋ ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ማን ነው?

ባለሙያዋ፦

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት።