እርማት፦ የወደቁት ኢጓናዎች አልሞቱም

«ፍሎሪዳ ውስጥ ብርድ ሲመጣ ኢጓናዎች (ትልልቅ እንሽላሊቶች) ሞተው ከዛፍ ይረግፋሉ» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። አብዛኞቹ ደንዝዘው እንጂ ሞተው አይደለም። ኢጓና እንደኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሰውነቱ ይተሳሰርና ቅርንጫፉን ይለቃል። ፀሐይ ሲያገኘው ተነስቶ ይሄዳል። የማያሚ የአየር ትንበያ ቢሮም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ይህንኑ ተናግሯል።

ስለዚህ «ሞቷል» ብሎ መኪና ውስጥ መጫን አይሞከርም! ሲነቃ ጥፍሩና ጅራቱ ቀልድ አያውቁም።

እርግጥ ብርዱ ለቀናት ሲቆይ ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲያ ሆኗል። ግን ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ እንስሳ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚያ አለ። ከ2010ሩ ብርድ በኋላም መልሶ ተራብቷል።