አንዳንዴ አልነሳ የሚል መኪና ሁሉ ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም

ሰላም ወገኖች። አሮጌ መኪናችሁ አንዴ ተነስቶ አንዴ ጭጭ ካለ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሩት» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ትክክል አይደለም። የደከመ ባትሪ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ነው የሚከዳው። በጎንደር የጠዋት ብርድ ሞተሩን እያቃሰተ ሲያዞረው ትሰሙታላችሁ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነስቶ ከሰዓት ፒያሳ ላይ «ቀጭ» ብቻ ካለ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ወይም የዛገ ግንኙነት ነው፤ ተርሚናሉ (ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ራስ) ላይ ያ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ አይደል?

ምክሩ እውነት የሚመስለው ባትሪ ሲቀየር ተርሚናሉም ስለሚጸዳና ስለሚጠብቅ ነው። መኪናው ይነሳል። ችግሩ ያለው ባትሪውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው የነጌቲቭ ገመድ ላይ ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ውስጥ ከሆነ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ የባትሪው ብር በከንቱ ወጥቶ አዘዞ መንገድ ላይ መኪና ስትገፉ ትገኛላችሁ።

አልነሳ ባለበት ሰዓት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ፣ ሲነሳ መለካት ብዙም አይጠቅምም። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከዚያ ማርሹን አውጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ንጹህ የሞተር ብረት ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ችግሩ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው። ከፖዘቲቭ ራስ እስከ ገመዱ የሚታሰርበት የሞተሪኖው ቡሎን ድረስም እንዲሁ ለኩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሪኖውንና የቁልፉን ስዊች አስፈትሹ።